ሆም ኬር ስትመርጡ፦ «ደህና ነኝ» ለሚሉ ወላጆች

እናቴ ሻወር ውስጥ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት ነርስ ቤታችን መጣች። ሜዲኬድ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ያለው የመንግሥት የጤና መድን) ለቤት ውስጥ ረዳት ይክፈል አይክፈል የሚወሰነው እሷ በምትሞላው ቅጽ ነበር።

«ብቻዎን ይታጠባሉ?»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ልብስዎንስ ራስዎ ይለብሳሉ?»

«ምን ችግር አለ!»

የዚያን ቀን ጠዋት ካልሲዋን ያጠለቅኩላት እኔ ነኝ። ገላዋን ያጠበቻት እህቴ ናት። በሰው ፊት ላሳፍራት አልፈለግኩምና ዝም አልኩ። ነርሷ የሰማችውን ጻፈች፤ ሌላ ምን ታድርግ? ከሳምንታት በኋላ «ራሷን ትችላለች፣ እርዳታ አያስፈልጋትም» የሚል ደብዳቤ መጣ። ይሉኝታችን በዶላር ሲተመን ያየሁት ያኔ ነው።

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ወላጆቹን አምጥቶ የሚጦር ሐበሻ ብዙ ነው። በሆም ኬር፣ ማለትም አዛውንትና በሽተኛን ቤታቸው ሄዶ በመርዳት ሥራ፣ የሚተዳደረውም ብዙ ነው። ስለዚህ ረዳት ስለሚልኩት ኤጀንሲዎች ምክር የማይሰጥ ሰው የለም፤ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ የቡና ላይ ወሬ ነው። የምጽፈው እኛ ሁለት ኤጀንሲ ቀይረን የተማርነውን ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የፕሮግራሞቹን ስም እዚያ ካለው ጋር አስተያዩት።

1. ከመደወላችሁ በፊት አንድ ሳምንት መዝግቡ

አንድ ደብተር ያዙ። ወላጃችሁ ያለ ሰው እጅ የማይሆንላቸውን ነገር በቀንና በሰዓት ጻፉ። ገምጋሚዎቹ በዋናነት የሚያዩት ስድስት ነገር ነው፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ተነስቶ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ መብላት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር። ምግብ ማብሰል፣ ገበያ መሄድ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ ቀጥሎ ይመጣል።

«ትንሽ እንረዳታለን» ብላችሁ አትጻፉ። «ማክሰኞ፣ ከለሊቱ 9 ሰዓት፣ ሽንት ቤት ልትሄድ ስትነሳ ያዝኳት፤ ባልይዛት ትወድቅ ነበር» ብላችሁ ጻፉ። ሌሊቱን እንዳትረሱ። ብዙ ቤተሰብ የቀኑን ብቻ ቆጥሮ ሌሊት ስንቴ እንደሚነሳ ይዘነጋል። የሚረሳ ወላጅ ካለም ምድጃ ሳያጠፉ የሄዱበትን፣ ኪኒን ሁለቴ የዋጡበትን ቀን መዝግቡ።

ከዚያ ከግምገማው ቀን በፊት ከወላጃችሁ ጋር ቁጭ በሉ። «እማ፣ ደህና ነኝ ካልሽ ሰው አይልኩልንም» ብሎ በግልጽ መናገር ይሻላል። ነርሷ የመጣችው ለእንግድነት አይደለም። በደህናው ቀን ሳይሆን በከፋው ቀን የሚሆነውን እንዲናገሩ ንገሯቸው። ራሳቸው መናገር ከከበዳቸው «ልጄ ትንገርሽ» ይበሉ። እሱ አያሳፍርም።

ማስተርጎሙን ለልጅ ልጅ አትስጡ። የ12 ዓመት ልጅ ስለ አያቱ ዳይፐር እንዲያስተረጉም ማድረግ ለሁለቱም ግፍ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም ነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛም በሕጉ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሉና ተመዝግቦ እንደሆነ አረጋግጡ።

እኛ በሁለተኛው ግምገማ ደብተሩን ይዘን ተቀመጥን። እናቴ እንደ ልማዷ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ጀመረች። እህቴ ገጹን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። ተፈቀደ።

ውድቅ ከተደረጋችሁ ደብዳቤውን አትጣሉት። ይግባኝ እስከ መቼ ማለት እንደሚቻል እዚያው ላይ ተጽፏል።

2. ማን ነው የሚከፍለው?

ኤጀንሲ የመምረጣችሁ ነገር በግማሹ እዚህ ላይ ያልቃል። የሚከፍልላችሁ ሜዲኬድ ከሆነ፣ የሜዲኬድ ደንበኛ የማይቀበል ኤጀንሲ ምንም ያህል ቢያምር ለናንተ አይሆንም።

ብዙዎቻችን የምንስተው ሜዲኬርን (በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ያለውን የመንግሥት የጤና መድን) ነው። «ሆም ሄልዝ» እና «ሆም ኬር» በስም ይመሳሰላሉ፤ ግን የተለያዩ ናቸው። ሜዲኬር የሚከፍለው ለሆም ሄልዝ ነው፦ ቁስል የምታክም ነርስ፣ እግር የሚያለማምድ ፊዚዮቴራፒስት፣ ከነሱ ጋር ደግሞ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ገላ የምታጥብ ረዳት። ለዚህም ሐኪም ማዘዝ አለበት፤ በሽተኛውም ከቤት መውጣት የሚከብደው መሆን አለበት። ፈቃዱ ለ60 ቀን ነው፤ ሐኪሙ ካመነበት ይታደሳል። ለአገልግሎቱ የምትከፍሉት ነገር የለም። ነገር ግን ነርስ ወይም ቴራፒስት ሳያስፈልግ ለማጠብና ለማብሰል ብቻ ሰው ስጡኝ ቢባል ሜዲኬር አይከፍልም። ሃያ አራት ሰዓት የሚቀመጥ ሰውም አይሰጥም።

የዕለት ተዕለቱን ረዳት ለወራት፣ ለዓመታት የሚከፍለው ሜዲኬድ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ፈርስት ቾይስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ቨርጂኒያ ላይ ሲሲሲ ፕላስ ዌቨር ይባላል (ዌቨር በነርሲንግ ሆም ምትክ ቤት ውስጥ ለሚሰጥ እርዳታ ሜዲኬድ የሚከፍልበት ፕሮግራም ነው)። ዲሲ ላይ ኢፒዲ ዌቨር ነው። ሁሉም ገቢና ንብረት ያያሉ፤ ሁሉም «ነርሲንግ ሆም የሚያስገባ ዓይነት ችግር አለ ወይ?» ብለው ይገመግማሉ። ነርሷ ቤታችን የመጣችውም ለዚሁ ነበር።

ግሪን ካርድ ይዘው ለመጡ ወላጆች አምስት ዓመት የምትባለውን ቁጥር አትርሱ። በአብዛኛው ሜዲኬድ ለማግኘት አምስት ዓመት መጠበቅ አለባቸው። ሜዲኬርም እዚህ የሥራ ታሪክ ለሌላቸው፣ 65 ዓመት ለሞላቸው፣ አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖሩ በኋላ በግዢ ነው። ግዢው ርካሽ አይደለም፤ በ2025 ፓርት ኤ (የሆስፒታሉ ክፍል) ብቻ በወር እስከ 518 ዶላር ነበር። በጥገኝነት ያሉ ወላጆች ጉዳይ ደግሞ በ2025 በወጣው ሕግ ተለውጧል። ጎረቤታችሁ ከሦስት ዓመት በፊት ያገኘውን እናንተም ታገኛላችሁ ብላችሁ አትተማመኑ።

ከኪስ የምትከፍሉ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ አስሉ። በዚህ አካባቢ በኤጀንሲ በኩል የሚመጣ ረዳት በሰዓት 30 ዶላርና ከዚያ በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው። በቀን አራት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢሆን ሳምንቱ 600 ዶላር ሆነ። ወንድምና እህት ካላችሁ ማን ስንት እንደሚያዋጣ ዛሬውኑ ተነጋገሩ። «ኋላ እንተሳሰባለን» የሚባለው ነገር ወንድማማች ሲያጣላ ስንቴ አይተናል።

የት እንደምትጀምሩ ግራ ከገባችሁ ኤልደርኬር ሎኬተር የሚባለው የመንግሥት መስመር 1-800-677-1116 ነው። የምትኖሩበትን ዚፕ ኮድ ትሰጣላችሁ፣ በአካባቢያችሁ ላለው የአረጋውያን ቢሮ ያገናኟችኋል።

3. ሦስት ኤጀንሲ ብቻ ለዩ

ሰው መጠየቅ ጥሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ዕድር ላይ ጠይቁ። ግን «የአክስቴ ልጅ ኤጀንሲ አላት» የሚለውን ከሌላው እኩል መዝኑት። ዘመድ ጥሩ ቢሠራ እሰየው። ካልሠራ ግን ማባረር አይቻልም፤ ሰርግና ለቅሶ ላይ ትገናኛላችሁ።

ፈቃድ እንዳላቸው አረጋግጡ። ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው ኦፊስ ኦፍ ሄልዝ ኬር ኳሊቲ ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ ላይ የጤና መሥሪያ ቤቶቹ ናቸው። ሜዲኬር የሚቀበሉትን ደግሞ የሜዲኬር ድረ ገጽ ኬር ኮምፔር ላይ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ተሰጥቷቸው ታገኟቸዋላችሁ። ተራው የሆም ኬር ኤጀንሲ እዚያ ላይ የለም። ኮከብ አጣሁበት ብላችሁ አትደንግጡ።

4. ስልኩ ላይ የሚጠየቅ

ሁሉንም ጥያቄ እኩል አትመልከቱት። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው፦ «ረዳቷ ጠዋት ካልመጣች ምን ታደርጋላችሁ?»

የመጀመሪያው ኤጀንሲያችን «እንዲህ ዓይነት ነገር አይገጥመንም» አለን። በሁለተኛው ሳምንት ገጠመው። በረዶ ጥሎ ረዳቷ ቀረች። ማንም አልደወለልንም። እናቴ እስከ ቀትር ከአልጋዋ አልወረደችም። ሥራ ቦታ ሆኜ ስደውል «ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ። ማታ ነው የሰማሁት። ጥሩ ኤጀንሲ መቅረት እንዳለ ያምናል፤ በስንት ሰዓት ውስጥ ተተኪ እንደሚልክና ማን እንደሚደውልላችሁ ይነግራችኋል። ቅዳሜና እሁድ ስልክ የሚያነሳ ሰው አለ ወይ? አንዴ እሁድ ማታ ደውላችሁ ሞክሯቸው።

ሌሎቹ ጥያቄዎች፦ ረዳቶቹ የናንተ ተቀጣሪዎች ናቸው ወይስ በኮንትራት የሚሠሩ? የወንጀል መዝገብ ይታያል? ሥልጠናቸው ስንት ሰዓት ነው? (ሜዲኬር ለሚቀበሉ ኤጀንሲዎች ሕጉ ቢያንስ 75 ሰዓት ይላል።) ነርስ በስንት ጊዜው መጥታ የረዳቷን ሥራ ታያለች? በወር ስንት ሰው ይቀያየርብናል?

ስለ መድኃኒትም ጠይቁ። በብዙ ቦታ ረዳት ማስታወስ እንጂ መስጠት አይፈቀድላትም። የሳምንቱን የኪኒን ሳጥን የምትሞሉት እናንተ ወይም ነርስ ናችሁ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወላጅ ካላችሁ ይህን ሳትጨርሱ ስልኩን አትዝጉ።

5. ሐበሻ ትሁን ወይስ ሌላ?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ «አማርኛ የምትናገር» ይላል። እኛም አልን። ምክንያት አለው። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አዛውንቶች ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ይጠፋቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት በእንግሊዝኛ የሠሩ አባት አንድ ቀን ወደ አማርኛቸው ብቻ ይመለሳሉ። ሽሮ የማታውቅ ረዳት በሁዳዴ ምን ልታበላቸው ነው? ቡና ሳይፈላ የዋለ ቀንስ ቀን ነው?

ግን እናቴ ያልጠበቅነውን ነገር ነገረችን። የመጀመሪያዋ ረዳት ጎበዝ ሐበሻ ነበረች። እናቴ ግን ገላዬን አታጥበኝም አለች። ብንለምናት አሻፈረኝ። ለካ ልጅቷ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን እናቴ የምትሄድበት ነው። ቀጥሎ ከካሜሩን የመጣች ሴት ተላከች። እናቴ በሦስተኛው ቀን ታጠበች። «ይቺ ልጅ ገመናዬን ለማን ትነግርብኛለች? ማንን ታውቃለች?» አለች። ከዚያ ወዲያ ለመታጠቢያው ካሜሩናዊቷ፣ ለከሰዓቱና ለጨዋታው ሐበሻዋ ሆነ። ሁለት ሰው ማስተናገድ ለኤጀንሲው ትንሽ ራስ ምታት ነው፤ ግን ጠይቁ፣ ይሆናል።

ስለዚህ ወላጃችሁን ለብቻቸው ጠይቋቸው፤ በሰው ፊት አይናገሩም። ሴት ወይስ ወንድ? የሚታወቅ ሰው ወይስ እንግዳ? አባቶች በሴት ልጅ መታጠብ ስለሚያፍሩ ሳምንት ሙሉ ሳይታጠቡ «ታጥቤያለሁ» ይላሉ።

ረዳቷ ሐበሻ ከሆነች አንድ ነገር አስቡ፦ ገናና ፋሲካ ለእሷም በዓል ነው። ተተኪውን ከወር በፊት ጠይቁ።

ጾሙን ለኤጀንሲው ነርስ በጽሑፍ ስጧት። ከምግብ ጋር የሚዋጥ ኪኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሚጾም ሰው ጋር ይጋጫል። የስኳር በሽታ ካለ ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን ንስሐ አባታቸውንም አነጋግሩ። እናቴን ሐኪሟ ሦስቴ ነግሯት አልሰማችም። ንስሐ አባቷ አንዴ ቢነግሯት በቃት። ሙስሊም ቤተሰቦችም እንዲሁ የረመዳኑን፣ የውዱእና የሶላት ሰዓቱን፣ የሐላሉን ነገር አስቀድመው ይጻፉ።

6. ውሉና ሰዓቱ

ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። ሦስት ቦታ ተመልከቱ። በቀን ትንሹ ሰዓት ስንት ነው? (ብዙዎቹ ከአራት ሰዓት በታች አይልኩም።) ለማቋረጥ ስንት ቀን ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል? ረዳቷን በግል ብትቀጥሯት ቅጣት አለ?

ከውሉ ጋር የሥራ ዝርዝር ይመጣል። ረዳቷ የምታበስለው ለወላጃችሁ ነው፤ የምታጥበው የእሳቸውን ልብስ ነው። የቤቱን ሰው ሁሉ ሳህን ማጠብና የልጅ ልጅ መጠበቅ ሥራዋ አይደለም። ይህን የምለው ራሴም አንድ ቀን «እግረ መንገድሽን» ብዬ ስላየሁት ነው።

ስለ ታይምሺት (ረዳቷ የሠራችበት ሰዓት ስለሚመዘገብበት ወረቀት) ጠንከር ብዬ ልናገር። ሜዲኬድ በሚከፍልበት ቦታ ረዳት ስትገባና ስትወጣ በስልክ ወይም በመሣሪያ መመዝገብ በ2016 በወጣ የፌዴራል ሕግ ግዴታ ሆኗል። እንዲያም ሆኖ «ሳትመጣ የመጣች አስመስለን እንፈርም፣ ገንዘቡን እንካፈላለን» የሚል ሰው አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣውም እንደ ውለታ ሆኖ ነው፤ እምቢ ማለት ይከብዳል። እምቢ በሉ። በ2014 ዲሲ ውስጥ በሆም ኬር የሜዲኬድ ማጭበርበር ከ20 በላይ ሰዎች በአንድ ዘመቻ ተይዘዋል። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው የእናታችሁ ስም ነው።

7. በኤጀንሲ ሳይሆን በራሳችሁ ብትቀጥሩስ?

ይቻላል፣ ይረክሳልም። ግን ቀጣሪዋ እናንተ ሆናችሁ ማለት ነው። በ2025 በዓመት 2,800 ዶላርና ከዚያ በላይ የከፈላችሁት የቤት ሠራተኛ ካለች የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ መክፈል አለባችሁ፤ ሁለታችሁ ተደምሮ 15.3 በመቶ። ቤታችሁ ወድቃ ብትጎዳ ጣጣው የናንተ ነው። የቀረች ቀንም ተተኪ የሚልክ የለም።

አንዳንድ የሜዲኬድ ፕሮግራም ቤተሰብ ተቀጥሮ እንዲከፈለው ይፈቅዳል። ባልና ሚስት፣ አብሮ የሚኖር ልጅ የሚለው ላይ ስቴቶቹ ይለያያሉና የወላጃችሁን ኬዝ ማናጀር (ጉዳያቸውን የሚከታተለውን የፕሮግራሙን ሰው) ጠይቁ። ሥራ ትታችሁ እናታችሁን የምትጠብቁ ከሆነ ይህን ሳትጠይቁ አትለፉ።

8. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ረዳቷ ከመምጣቷ በፊት ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ከቤት አውጡ፣ ወይም ቆልፉበት። አንሶላ ስር የተደበቀ ብር ረስተው «ተሰረቅኩ» የሚሉ አዛውንት ብዙ ናቸው። ቁልፉ ለረዳቷም መከላከያ ነው። ካሜራ የምትገጥሙ ከሆነ ንገሯት። ሜሪላንድ ውስጥ ሰው ሳያውቅ ድምፁን መቅረጽ ወንጀል ነው።

መጀመሪያው ቀን ቤት ዋሉ። ከዚያ በኋላ ሳትናገሩ በተለያየ ሰዓት ብቅ በሉ። እኔ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብገባ እናቴ ዎከሯን ተደግፋ ለረዳቷ ሽሮ ትሠራለች። ረዳቷ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። «እንግዳ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ እናቴ። ረዳቷን ተቆጣሁ፤ በኋላ ሳስበው እናቴ ቁጭ በይ ብላው የሚነሳ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ማብሰያው ሰዓት በዝርዝሩ ላይ ተጻፈ፤ እናቴ ደግሞ አብስላ ሳይሆን አብራ እንድትበላ ተስማማን።

የምታዩት ቀላል ነው። ገላቸው፣ ጥፍራቸው፣ አንሶላቸው ንጹሕ ነው? የኪኒን ሳጥኑ ባዶ መሆን ባለበት ቀን ባዶ ነው? ጀርባና ተረከዝ ላይ መቅላት አለ? ረዳቷ ስትገባ ፊታቸው ይፈታል ወይስ ዝም ይላሉ? «እንዴት ናት?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ጥሩ ልጅ ናት» ነው መልሱ። «ዛሬ ምን አበላችሽ? ስንት ሰዓት መጣች? ምን አወራችሁ?» በሉ።

ካልተስማማችሁ ለኤጀንሲው ደውላችሁ «ሌላ ሰው እንፈልጋለን» በሉ። ምክንያት ማስረዳት ይጠቅማል እንጂ ይቅርታ መጠየቅ የለባችሁም። ኤጀንሲው ራሱ ካስቸገረ ለኬዝ ማናጀራችሁ ተናገሩ፤ በሜዲኬድ ሌላ ኤጀንሲ መምረጥ መብታችሁ ነው። አዲሱ መጀመሩን ሳታረጋግጡ ግን አሮጌውን አታቋርጡ። እኛ ቸኩለን አቋርጠን ሁለት ሳምንት በተራ ከሥራ ቀርተናል።

ሜዲኬድ በየዓመቱ እንደገና ይገመግማል። ያቺ ነርስ ትመለሳለች፣ እናታችሁም ነጠላዋን ታስተካክላለች። ደብተሩን አትጣሉት።